«አንጀተ ደረቋ» ደራሲ

ስለ ስኮትላንዳዊቷ ሙሪየል ስፓርክ የሚጽፉ ሐያስያን አንድ ልማድ አላቸው፤ ብልህነቷን አድንቀው ሳይጨርሱ ጭካኔዋን ያነሳሉ። ገጸ ባሕርያቷን እንዳሻት ታሽከረክራቸዋለች፣ ሲሞቱም አታለቅስላቸውም፤ በ1954 ካቶሊክ የሆነች አማኝ ይህን ደረቅ አንጀት ከየት አመጣችው? ይላሉ። እኔን የሚያበሳጨኝ ከፍርዱ ይልቅ ፍርዱ የቆመበት መሠረት ነው፤ መንፈሳዊ ጽሑፍ የለዘበ፣ ከከተማ ግርግር የሸሸ፣ አንባቢን አስለቅሶ የሚሸኝ መሆን አለበት የሚለው።

ለዚህ አስተሳሰብ ስኮትላንድ ውስጥ ምስክር አይጠፋም። ገጣሚው ኤድዊን ሚዩር በ1901፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ከኦርክኒ ደሴቶች ወደ ግላስጎው ከቤተሰቡ ጋር ሄደ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን ቀበረ። ደሴቲቱ ገነት፣ ከተማዋ የውድቀት ምድር ሆና በጽሑፉ ብትቀር ማን ይፈርድበታል? ጥፋቱ የአንድ ሰው ቁስል ለሁሉም ሕግ ሲደረግ ነው።

ስፓርክ የከተማ ልጅ ነበረች። በ1918 ኤድንብራ ተወልዳ፣ ኋላ በለንደን፣ በኒው ዮርክና በሮም ኖራለች። የግጥም መጽሐፏ (1952) ከመጀመሪያ ልቦለዷ (1957) ይቀድማል፤ እስከ መጨረሻውም ራሷን የምትቆጥረው ገጣሚ አድርጋ ነበር። ሐያስያኑ ጭካኔ የሚሉት ቁጥብነት ከግጥም የመጣ ይመስለኛል።

በ1959 በታተመው «ሜሜንቶ ሞሪ» የለንደን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ስልክ ይደወልላቸዋል። ደዋዩ መሞታቸውን እንዳይረሱ አሳስቦ ይዘጋል። አንዷ ፖሊስ ካልያዘልኝ ትላለች፣ ኑዛዜዋንም ትቀያይራለች። ጡረታ የወጣው መርማሪ ሄንሪ ሞርቲመርና በሆስፒታል የተኛችው የቀድሞ ደንገጡር ጂን ቴይለር ግን ደዋዩ ራሱ ሞት ሳይሆን አይቀርም ባይ ናቸው። መልእክቱ የመጣው በገዳም ደጃፍ በኩል አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ ባለ ስልክ ነው፣ ሻይ እየተጠጣ።

በ1963 የወጣው «እጅ ያጠራቸው ልጃገረዶች» ደግሞ ይብሳል። ዘመኑ 1945፣ ቦታው የለንደን ሴቶች ሆስቴል ነው። ግቢው ውስጥ ሳይፈነዳ የቆየ ቦምብ ይፈነዳል፤ ቤቱ ይቃጠላል። በጠባቧ መስኮት ሾልከው የሚያመልጡት ቀጫጭኖቹ ብቻ ናቸው። ሰሊና ወጣች፤ ከዚያ ተመልሳ ገባች። ሰው ልታድን አይደለም፤ ልጃገረዶቹ እየተዋዋሱ የሚለብሱትን ውድ ቀሚስ ልታወጣ ነው። የቄሱ ልጅ ጆአና ግን ውስጥ ከቀሩት ጋር ሆና ዳዊት ትደግም ነበር፤ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ፍርስራሹ ውስጥ ቀረች። ሰሊናን ቀሚሱን ይዛ ያያት ወዳጇ ኒኮላስ ኋላ ሚሲዮናዊ ሆኖ ሄይቲ ውስጥ ተገደለ። ስፓርክ ሙሾ አታወርድም። ቀሚሱና ዳዊቱ እዚያው እሳት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ሌላ ምን ልትጨምር?

ትልቁ ክስ የሚቀርበው ግን «የሚስ ጂን ብሮዲ የአፍላ ዘመን» (1961) ላይ ነው። ሁሉም ሞኝ የሚላት ተማሪ ሜሪ ማክግሪገር በ23 ዓመቷ በሆቴል ቃጠሎ እንደምትሞት ደራሲዋ ገና ከጅምሩ ታረዳናለች። ይህ ነው ጭካኔ የተባለው። እስቲ እንደገና ይነበብ። አሟሟቷን ካወቅን በኋላ፣ መምህሯና ጓደኞቿ ሜሪን ባሾፉባት ቁጥር አብረን መሳቅ ያቅተናል። ከፊት የተነገረው ሞት ለዚያች ልጅ ማንም ያልሰጣትን ክብር ይሰጣታል።

ሁሉም መጽሐፏ እንዲህ ተሳክቷል አልልም። የዎተርጌትን ቅሌት ሴቶች ገዳም ውስጥ ያስገባችበት «የክሩ እመምኔት» (1974) ለእኔ ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የቀረበት ነው፤ እዚያ ላይ ሐያስያኑ ቢያጉረመርሙ አልከራከርም።

የሚገርመው ግን ስፓርክ መልሱን ራሷ ሰጥታ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በጥበባትና ሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ፊት ባደረገችው ንግግር፣ ለተበዳዮች የሚያስለቅስ ጥበብ ተመልካቹን ግዴታውን የተወጣ እያስመሰለ ወደ ራቱ ይሸኘዋል፤ ከእሱ ይልቅ ምጸት ይሻላል ስትል ተከራክራለች። እንባ ያጣባት ሐያሲ ከዚህ ክርክር ጋር ይግጠም እንጂ እንዳልሰማ ሆኖ አንጀቷን አይመርምር።