ለመኪናው የተቀመጠ ጠርሙስ

ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ራዲያተር ነው። “ነርስን ከራዲያተር ምን አገናኛት?” እንዳትሉኝ፤ ነገሩ መጨረሻ ላይ ልጆቻችን ዘንድ ይደርሳል።

የልጄ ቶዮታ ኮሮላ አሮጌ ናት። ባለፈው ወር የሙቀት መለኪያዋ ከልኩ በላይ መውጣት ጀመረ። ራዲያተሩን ከፍቶ ቢያይ ውሃው በዝገት ቀልቷል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርባት ኖራለች። “እዚህ አገር ውሃ በብርድ አይረጋ፤ ኩላንት ምን ይሠራል?” የሚል ሰው ብዙ ነው። ኩላንት ግን ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላም ይረዳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃውን ሳይፈላ የሚያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው።

የመጀመሪያው አደጋም ያ ክዳን ነው። በሥራ ዘመኔ የሕክምና መሣሪያ የምንቀቅልበትን አውቶክሌቭ የግፊቱ መርፌ ዜሮ ሳይደርስ ከፍተን አናውቅም። ራዲያተርም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ከተከፈተ የታፈነው ውሃ ባንዴ ገንፍሎ ፊትና ደረት ላይ ይረጫል። እንዲህ የተቃጠሉ ሾፌሮችን ቁስል ብዙ ጊዜ አጥቤያለሁ።

ስለዚህ ልጄን “ሌሊቱን ትደርና እሁድ ጠዋት ትሠራታለህ” አልኩት። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሞ የእጅ ፍሬኗን ያዘ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ከራዲያተሩ ግርጌ ሳፋ አስቀምጦ ማፍሰሻውን ፈታ። አሮጌው ውሃ ሲያልቅ ማፍሰሻውን ዘግቶ ንጹሕ ውሃ ሞላ፤ የውስጥ ማሞቂያዋን ሙቅ ላይ አድርጎ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ አጥፍቶ፣ በደንብ እስኪበርድ ጠብቆ አፈሰሰ። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ቀኑም በዚሁ አለቀ። በመጨረሻ ኩላንትና የተጣራ ውሃ በባልዲ እኩል በእኩል ቀላቅሎ ሞላ። ክዳኑን ሳይገጥም ሞተሩን አስነሥቶ የአየሩ አረፋ እስኪያቆም ጠበቀ፤ የጎደለውን ጨምሮ ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መጠኑን ደግሞ አየ። እናንተም ስትሠሩ ከፋኑ እጃችሁን አርቁ፤ ሳይታሰብ ይነሣል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ባልዲው ውስጥ አንድ ሊትር የሚሆን አረንጓዴ ቅልቅል ተርፎ ነበር። እንዳይባክን ብዬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገለበጥኩና በረንዳው ላይ አስቀመጥኩት። እጄን ታጥቤ ስመለስ አራት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ክዳኑን በጥርሷ ትታገላለች። “እማምዬ፣ ጁሱን ክፈችልኝ” አለችኝ። ክዳኑን አጥብቄው ስለነበር አልተከፈተላትም። ጠርሙሱን ተቀብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።

እኔ እኮ 36 ዓመት ሙሉ እናቶችን “ነጭ ጋዝና በረኪና በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ” እያልኩ የመከርኩ ሰው ነኝ።

በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኢቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ቀምሶ አይተፋውም። ጥቂት ጉንጭ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ጉበት ሲፈጨው ወደ መርዛማ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱም ኩላሊትን ይጎዳል። መጀመሪያ ልጁ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ያስታውካል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ደህና መስሎ የሚቆይበት ሰዓትም አለ፤ እሱ እንዳያታልላችሁ። ልጅ ጠጣ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። አታስታውኩት። ወተትም ሆነ ሌላ ነገር “ያረክሰዋል” ብላችሁ አትስጡ። ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የጠጣውን ካወቀ ማርከሻ መድኃኒት አለው።

በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሰው ቢገጥማችሁ ደግሞ የነካውን ልብስ ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አትላጡ። የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አቆዩት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አትቀቡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የተረፈ ኩላንት በራሱ ጀሪካን፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። መሬት የፈሰሰውን በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ውሻና ድመትም ይልሱታል። ልጆች ሥራው እስኪያልቅ ቤት ውስጥ ይቆዩ።

የልጅ ልጄ እስከ ዛሬ “ያን ጁስ ለምን ደፋሽው?” ትለኛለች። የመኪና ነው እላታለሁ። ስታድግ ታሪኩን እነግራታለሁ፤ ለእናንተ ግን እስከዚያ መቆየት አልፈለግሁም።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።