ጭቃና ጭድ፣ ካርቦንና ሙጫ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፣ የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህም አፈሩ በውኃ ርሶ፣ የጤፍ ጭድ ተጨምሮበት፣ በእግር እየተረገጠ ለቀናት ከቦካ በኋላ ነው ግድግዳው የሚመረገው። ይህ አሠራር በሳይንስ ቋንቋ ጥምር ቁስ ወይም ኮምፖዚት ይባላል። ጭቃ ሲጨመቅ ይችላል፤ ሲወጠር ግን ይሰነጠቃል። ጭዱ የውጥረቱን ኃይል ተቀብሎ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይይዛል። ሁለቱም ለየብቻቸው የሌላቸውን ጠባይ በኅብረት ያገኛሉ።

የጠፈር መንኮራኩር የሚሠሩ መሐንዲሶችም የሚከተሉት ይህንኑ ሕግ ነው። በጭዱ ቦታ የካርቦን ቃጫ፣ በጭቃው ቦታ ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ይገባል። የአሉሚኒየም እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ሲሆን፣ የዚህ ጥምር ቁስ ግን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ነው። ወደ ጠፈር የሚላክ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ብዙ ነዳጅና ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሆኖም ክረምት የጭቃን ግድግዳ እንደሚሸረሽር ሁሉ ጠፈርም የራሱ ክረምት አለው። ከምድር በላይ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ላይ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የኦክስጅንን ሞለኪውል ወደ ነጠላ አተሞች ይሰነጥቀዋል። አተሞቹ እጅግ ሳሱ ቢሆኑም፣ መንኮራኩሩ በሴኮንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ስለሚገባባቸው ሙጫውንም ካርቦኑንም ቀስ በቀስ ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ጠፈር ወጥቶ በ1990 የተመለሰ አንድ የአሜሪካ የሙከራ መንኮራኩር ይህንን በግልጽ አሳይቷል፤ በፊት ለፊቱ ሽፋን ሳይኖራቸው የተጋለጡት የካርቦንና የኢፖክሲ ቁሶች ገጻቸው ተበልቶ ሲገኝ፣ ስስ ሽፋን የነበራቸው ተርፈዋል። የአገራችን ሰው ግድግዳውን በእበት ለስኖ፣ የጣሪያውን ክፈፍ አርዝሞ ከዝናብ እንደሚጠብቅ፣ እነርሱም በሲሊካ ስስ ሽፋን ይጠብቁታል።

ይህን የምናነሣው ጭቃ ወደ ጠፈር ይሂድ ለማለት አይደለም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አምጥቃለች። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ከቻይና ባለሙያዎች ጋር መሥራታቸው የሚያስመሰግን ነው። «በጭቃ ክፍል የሚማር ልጅ እያለ ጠፈር ምን ያደርግልናል?» የሚሉ ወገኖች ጥያቄም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው፤ የሁለቱ ሳይንስ አንድ ነው፤ የጎደለን መለካት ነው። ስንት እጅ ጭድ ለየትኛው አፈር እንደሚበቃ የሚያውቀው ልምድ ያለው ሠራተኛ ነው፤ ዕውቀቱ በቁጥር ካልተጻፈ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ሲረጥብ የሚያብጠውና ሲደርቅ የሚሰነጠቀው የብቸና ዋልካ አፈር ለእንዲህ ያለው ጥናት ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አስተማሪ ነው።

ሙከራው ውድ መሣሪያ አይሻም። የብቸናና የሞጣ ተማሪዎች ከየአካባቢያቸው አፈር እኩል መጠን ያላቸው አምስት ጡቦች ይሥሩ፤ የጭዱ ክብደት ብቻ ከጡብ ጡብ ይለያይ፤ አንደኛው ጭድ የሌለበት ይሁን። በጥላ ሥር ከደረቁ በኋላ ስንጥቃቸው ይለካ፣ ይመዘኑ፤ ከአንድ ከፍታ ለእኩል ሰዓት ውኃ ይንጠብጠብባቸው፤ ከዚያም የተሸረሸረው ጉድጓድ ጥልቀት ይለካ። በጠፈር ቁሶች ላይ የሚሠራውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ማጋለጥ፣ መመዘን፣ ማወዳደር።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አለባቸው። የጥንካሬ መፈተኛ መሣሪያዎቻቸው በዕረፍት ወራት ተቆልፈው ከሚከርሙ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጡብ ቢከፈቱ ምን ይጎድላል? ሳተላይት ከውጭ ሊገዛ ይችላል፤ ቁስን የመረመረ እጅና ዓይን ግን አይገዛም። ነገ ለመንኮራኩር ሽፋን የሚመርጥ ኢትዮጵያዊ እንዲኖረን ከፈለግን፣ ዛሬ ጭድ መዝኖ ውጤቱን በደብተሩ የሚጽፍ ተማሪ ያስፈልገናል።