የአዘና ቀይ ጭቃና የጤፋችን ብረት

በክረምት ወደ አዊ ዞን፣ ወደ አዘና የሚሄዱ ከሆነ ነጭ ጫማ ይዘው አይሂዱ። እግር የሚይዘው ቀይ ጭቃ ቀለሙን ያገኘው በአብዛኛው ሄማታይት ከሚባል የብረት ማዕድን ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ ብረት አለው፤ ዝናብና ሙቀት ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያፈርሱት ሌላው ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረቱ ግን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እዚያው ይቀራል። የቆርቆሮ ዝገት የቅርብ ዘመዱ ነው። ስለዚህ የልጅዎን ዩኒፎርም ያበላሸውን ቀይ ጭቃ በበረኪና አይታገሉት፤ በረኪና የብረትን እድፍ አያስለቅቅም። ሎሚ ይሻላል።

ንጹሕ ሄማታይት ከክብደቱ 70 በመቶው ብረት ነው። ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ሻካራ ነጭ ሸክላ ላይ ሲፋቅ ግን ቀይ መስመር ያሰምራል። ስሙም ደም ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የቤታችን ፌሮ፣ የበራችን ላሜራ፣ የመኪናችን አካል መነሻው በአብዛኛው ይኸው ማዕድን ነው።

ወደ ማዕዳችንም ይመጣል፤ በጤፍ በኩል። ጤፍ አውድማ ላይ በከብት ሲወቃ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ አበጥረውም ነፍተውም ሙሉ በሙሉ አይለይም። ተመራማሪዎች ጤፉን በሚገባ አጥበው ሲለኩት የብረቱ መጠን በእጅጉ ቀንሶ አግኝተውታል። ጤፍ የራሱ ብረት አለው፤ ከአፈር የተቀላቀለውን ግን ሰውነታችን እምብዛም አይወስደውም። ሥራዬ ምርት ማስተዋወቅ ነውና “በብረት የበለጸገ” የሚል ጽሑፍ ማሸጊያ ላይ እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁ። ቁጥሩ ውስጥ አፈር ሊኖር እንደሚችል ግን ማሸጊያው አይነግርዎትም።

“እንጀራ እየበላሁ ደም ማነስ ከየት ይመጣል?” ብላ ሐኪም ያዘዘላትን የብረት እንክብል የምታቆም ነፍሰ ጡር ቤትዎ ካለች ይህን ያንብቡላት። እንክብሉን ትቀጥል። ለልጆች ሥጋና ጉበት ሲገኝ ጥሩ ነው፤ ሳይገኝ ደግሞ ምስሩና ጎመኑ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨምሩ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛል። ሊጡ በደንብ መቡካቱም እንዲሁ። ቡናውና ሻዩ ግን ከምግቡ ጋር አይቅረብ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። እናቶቻችን እንደማይወዱት አውቃለሁ፤ ረከቦቱ ቀድሞ ቢዘረጋም ጀበናው ዘግየት ብሎ ይጣድ።