ወገብ ላመመው ሁሉ ዳይክሎ?

«ብርድ ነው፣ ዳይክሎ ውሰድበት።» ወገቡን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ፋርማሲ ሄዶ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ሁለት ቀን ይሻለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ሲሚንቶ ይሸከማል። ከዚያ ሌላ እሽግ ይገዛል።

ዳይክሎፌናክ በሐኪም ምክር ለጥቂት ቀን ሲወሰድ ይጠቅማል። ለወራት ሲዋጥ ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ታዲያ ለጡንቻ ሕመም ሌላም መንገድ እንዳለ ደፍረን የማንናገረው ለምንድን ነው?

ማሸትን ስላዋረድነው ነው። በከተማችን «ማሳጅ» ሁለት ትርጉም ብቻ ቀርቶታል፦ ከስቲም ጋር የሚሸጥ የባለጸጋ መዝናኛ፣ ወይም መጋረጃው የማይከፈት ቤት። ማሳጅ ተምራ በሙያዋ ለማደር የምትፈልግ ልጅ ሥራዋን ለቤተሰቧ ለመንገር ታፍራለች። ከእንጦጦ ማገዶ በጀርባዋ የምታወርደው እናት፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው የሚኒባስ ሾፌር፣ በአረብ ሀገር ሰው ቤት ምንጣፍ ስትጎትት የምትውለው እህታችን ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ማሸትን ከአካል እንቅስቃሴና ከምክር ጎን ለጎን ሊሰጡ ከሚችሉ ሕክምናዎች መካከል አስቀምጦታል። በድርጅቱ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ይህ የጥቂት ቅምጥሎች ጉዳይ ነው?

ሐቁን እንነጋገር ከተባለ ማሸት ተአምር አይሠራም። እፎይታው በአብዛኛው አጭር ነው። ጥቅሙ ሰውየው በዚያ እፎይታ ጊዜ ጎንበስ ቀና ማለት መቻሉ ላይ ነው፤ ወገብን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴው ነውና። «መርዝ ከሰውነት ያወጣል» የሚለው የስፓዎች ማስታወቂያ ግን ተረት ነው። ላክቲክ አሲድ ሥራ ካቆምን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ማንም ሳያሸን ራሱ ይጸዳል። በማግስቱ የሚሰማን ሕመም ያልለመደ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት የሚመጣ ነው።

«ወጌሻስ አለን አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለን። የኳስ ቡድኖቻችን ባለሙያ እንኳ ዛሬም የሚጠራው ወጌሻ ተብሎ ነው። ወለምታ አሽቶ ያዳነ እጅ ይከበራል። ነገር ግን ስብራትን በእንጨት አጥብቆ አስሮ ደም ያገደ እጅም አለ። ጣቱ ጠቁሮ ሆስፒታል የደረሰና እግሩን ያጣ ሕፃን ታሪክ ለአጥንት ሐኪሞቻችን አዲስ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢም በሀገራችን አለ፤ ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር ሲመጣ መታሸት ጊዜ ማባከን ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ አይታሽም። እግር ሲደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ ወጌሻውን ማሳደድም እንዳሻው መተውም አያዋጣም። አሠልጥኑት፣ መዝግቡት፤ የሚነካውንና ወደ ሐኪም የሚልከውን ለይቶ ይወቅ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃል፤ እነዚህ ልጆች በጤና ጣቢያ ደረጃ ይቀጠሩ። የማሳጅ ባለሙያውም ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ በቀን ብርሃን ይሥራ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ መድኃኒቱን ራሱን መጋረጃ ጀርባ ደበቅነው። ሀገር የሚገነባው በተሸካሚው ወገብ ከሆነ፣ ያ ወገብ ሲዝል ከክኒን የተሻለ መልስ ይገባዋል።