ለሚያልበው ግድግዳ ቀለም መድኃኒት አይሆንም

ጳጉሜን ገብታ የዘመን መለወጫ ሲቃረብ ገበያ ከሚደራላቸው ነጋዴዎች መካከል የቀለም ነጋዴዎች ይገኙበታል። በመርካቶም ሆነ በተክለ ሃይማኖት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ደጃፍ ባልዲ ቀለም የሚያስጭነው ሰው ቀላል አይደለም። ለበዓሉ ድምቀት ብሎ የሚቀባ ይቅባ፤ ደግ አደረገ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አምና ቀብቶ ዘንድሮም የሚቀባው፣ ለከርሞም እንደሚቀባ ከወዲሁ የሚያውቀው ሰው ነው። የዚህ ሰው ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት ያልበዋል፤ ልስኑ እየተፈረፈረ ይወርዳል፤ ነጭ ጨው መሰል ዱቄትም ያወጣል። ቀለም ሻጩም ለሳኙም በየዓመቱ ከዚህ ሰው ኪስ ያገኛሉ፤ እርጥበቱ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም።

በበኩሌ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ አላላክክም። ጥፋቱ የተፈጸመው ቤቱ ሲሠራ፣ አንድ ስስ ነገር የተዘለለ ዕለት ነው።

ውሃ የሚሄደው ወደ ታች ብቻ ይመስለናል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ብሎኬቱም፣ ድንጋዩን ያያያዘው ስሚንቶም፣ ልስኑም ከመሬት ውሃ ይስባሉ። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ጥቁር መረሬ አፈር ባለባቸው ሰፈሮች ደግሞ ውሃው ቶሎ ስለማይሰርግ መሠረቱን ከብቦ ይቀመጣል። ግድግዳው በክረምት የጠጣውን ነው በበጋ በልስኑ በኩል የሚተፋው። ውሃው ሲተን ይዞት የመጣው ጨው እዚያው ይቀራል፤ ልስኑን የሚገፋውና ቀለሙን የሚልጠውም ይኸው ጨው ነው።

መከላከያው ባለሙያዎች ዳምፕ ፕሩፍ የሚሉት ነው። የመሠረቱ ግንብ ውሃ ልክ ላይ ሲደርስ፣ የመጀመሪያው የብሎኬት ረድፍ ከመደርደሩ በፊት፣ በግድግዳው ስፋት ልክ የሚነጠፍ ሬንጅ የጠጣ ንጣፍ ወይም ለዚሁ የተሠራ ወፍራም ላስቲክ ማለት ነው። ከውጭው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሁለት ቁራጭ ሲገናኝ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል መደራረብ ይኖርበታል። ከወለሉ አርማታ ሥር ከሚነጠፈው ላስቲክ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ሒሳቡን እንመልከት። 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር ነው። የውጭው ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ለዙሪያው የሚያስፈልገው ንጣፍ 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። የውስጥ ግድግዳው በድምሩ 20 ሜትር፣ ውፍረቱም 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3 ካሬ ሜትር ይጨመራል። መደራረቢያውንና ብክነቱን አስበን 12 ካሬ ሜትር እንበለው። የዚያው ቤት የውጭ ግድግዳ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ በርና መስኮቱ ሳይቀነስ 108 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ 12 ካሬ ሜትር አንድ ጊዜ ማንጠፍ ይሻላል ወይስ 108 ካሬ ሜትር በየጊዜው ማስቀባት? የውስጡን ቀለም፣ የልስኑን ጥገናና የሻገተውን ቁም ሣጥን ገና አልቆጠርንም።

ታዲያ ለምን ይዘለላል? መልሱ ያለው ከገበያው ነው። በእኛ ገበያ ዋጋ የሚያወጣው የሚታይ ነገር ነው። ቤት ገዢ ሴራሚኩን በእግሩ ይረግጣል፣ የጂፕሰሙን ጣሪያ ቀና ብሎ ያያል፣ የሣጥኑን በር ከፍቶ ይዘጋል። ከብሎኬቱ ሥር ምን ተነጥፏል ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው? ገዢ ካልጠየቀ ሠሪ ለምን ያወጣል? በራሱ ገንዘብ የሚያሠራውም ቢሆን መሠረት እስኪያልቅ ድረስ ስሚንቶና ብረት ኪሱን አራቁተውታልና ግንበኛው «ይኼ እንኳ ይቅር» ሲለው እፎይ ይላል። ለዚያች እፎይታ ነው በየክረምቱ ወለድ የሚከፍለው።

«ውሃ የማያስገባ ቀለም ወጥቶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ወጥቷል፤ ደረቅ ግድግዳን ከዝናብ ለመጠበቅም ያገለግላል። ከሥሩ በሚጠጣ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ግን መውጫውን ይደፍንበታል። መውጫ ያጣ ውሃ ወይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ቀለሙን አሳብጦ ይገነጥለዋል። የጭቃ ቤታቸውን በስሚንቶ የሚያስለስኑም በዚሁ ስሕተት ይወድቃሉ፤ ለጭቃ የሚስማማው እንደ ኖራ ያለ፣ እርጥበትን የሚያስወጣ ልስን ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ደግሞ ሌላ ምክር ይለግሳል። እዚያ ቤት ሲሠራ ታይቬክን የመሰለ ነጭ መጠቅለያ ግድግዳውን ዙሪያውን ሲያለብሱት አይቷል። እውነቱን ነው፤ መጠቅለያው ዝናቡን አግዶ ከውስጥ የሚወጣውን እንፋሎት ያሳልፋል። ነገር ግን የታሰበው በእንጨት ለተዋቀረና ላዩ በሌላ ሽፋን ለሚከደን ግድግዳ ስለሆነ፣ ብሎኬት ላይ በቀጥታ ለምንለስን ለእኛ ቦታ የለውም። የእኛ የዝናብ መከላከያ ረዘም ያለ የጣሪያ ከፈፍና የማያፈስ አሸንዳ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሠሩ ሰዎች ለጭቃ ግድግዳቸው የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ በረንዳና ረጅም ከፈፍ ያበጁለት ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ቤቱ ተሠርቶ ላለቀ ሰው የውሃውን ምንጭ መለየት ከሁሉ ይቀድማል። ከወለል ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የመሬት ውሃ ነው። ከጣሪያ ማዕዘን የሚወርድ ከሆነ አሸንዳውንና ቆርቆሮውን ይመርምሩ። ካጠራጠረ ንጹሕ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን አሽገው ሁለት ቀን ያቆዩት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው፣ ከፊቱ ከያዘ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው። ግቢ ሲነጠፍ ወይም አፈር ሲሞላ መሬቱ ከመከላከያው ንጣፍ በላይ ከፍ ብሎ ከሆነም ዝቅ ማድረግና የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ግድ ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከመተንፈሻ አካላት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። በሻገተው ግድግዳ ሥር ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ አሠሪ ከተቋራጩ ወይም ከግንበኛው ጋር ሲዋዋል ንጣፉን በውሉ ላይ ያስጽፍ፤ ተነጥፎ በዓይኑ ሳያይ፣ ፎቶግራፍም ሳያስነሣ የመጀመሪያው ብሎኬት እንዳይቀመጥ፣ የመሠረቱም ክፍያ እንዳይዘጋ ያድርግ። ሁለተኛ፣ መደብሮች ሙሉ ጥቅል ለማያስፈልገው ሰው በሜትር ቆርጠው ይሽጡ፤ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር የሚፈልግ ሰውም ደንበኛ ነው። ሦስተኛ፣ ቤት ገዢና ተከራይ ሴራሚኩን ከማድነቃቸው በፊት ከግድግዳው ግርጌ ጎንበስ ይበሉ፤ የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ ሠሪውም ማንጠፍ ይጀምራል።

ክረምቱ አልፎ መሠረት ሊያስቆፍሩ ለተዘጋጁት ሁሉ መልካም ሥራ እመኛለሁ። ንጣፏ ግን አትረሳ፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ልመልሳት ቢሉ ብሎኬቱን እየሰበሩ ነው።