ስለ ፋብሪካ አመድና ብናኝ

የፋብሪካ ጭስ በዓይን ስለሚታይ ሰው ሁሉ ያማርረዋል። ከጭሱ ማጣሪያ የሚሰበሰበው አመድ ግን በግቢ ጥግ ተከምሮ ስለሚቀር ጠያቂ የለውም። በእኛ አስተያየት ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ይኸኛው ነው። እጅግ የደቀቀ በመሆኑ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይነሣል፤ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ የሚያንሰው ብናኝም እስከ ሳንባ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

አመድን ለሥራ ማዋል እንደሚቻል ከታወቀ ሰንብቷል። በአሜሪካ በሞንታና ግዛት የሚገኘው የሀንግሪ ሆርስ ግድብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ሲፈጸም ከሲሚንቶው ከፊሉ የተተካው በድንጋይ ከሰል አመድ ነበር። በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከኖራና ከውሃ ጋራ ሲገናኝ ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ ይጠነክራልና። የአገራችን ግንበኞችም ለነገሩ እንግዳ አይደሉም፤ ፒፒሲ የሚሉት ሲሚንቶ ፑሚስ ተፈጭቶ የሚጨመርበት ስለሆነ ጠባዩ ይኸው ነው።

ነገር ግን አመድ ሁሉ አንድ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ረጲ ላይ የተመረቀው ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ይህን ጉዳይ ወደ ደጃችን አቅርቦታል። የከተማ ቆሻሻ ሲቃጠል ከክብደቱ ሩብ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ከምድጃው በታች የሚወድቅ ሻካራ አመድ ነው። ከጭሱ ማጣሪያ የሚገኘው ጥቂቱና ደቃቁ ግን እርሳስ፣ ካድሚየምና ብዙ ጨው ይይዛል። ጨው ፌሮን ያዝጋል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። እንዲህ ያለውን ብናኝ «ለብሎኬት ይሁን» ብሎ በደረቁ ማደል መርዙን ከግቢ አውጥቶ ወደ ሰው መኖሪያ ማጓጓዝ ነው።

አንዳንዶች «ሲሚንቶ ከያዘው በኋላ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። አነጋገሩ ደስ ያሰኛል፤ ኬሚስትሪው ግን አይረዳቸውም። እርሳስ ኖራ በበዛበት እርጥበት ውስጥ ይበልጥ ይሟሟልና። በእንግሊዝ አገር ብናኙን ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ጋራ አዋሕደው ኖራውን ወደ በሃ ድንጋይ በመለወጥ ለብሎኬት የሚሆን ጠጠር ያወጡበታል። በሌላ ስፍራ ደግሞ ጨው እንዲወጣለት አስቀድመው ያጥቡታል፤ እጣቢውም ራሱ ሳይጣራ ወደ ወንዝ አይለቀቅም።

እኛ የምንደግፈው ሥራ እንዲህ ያለው ነው፤ ፈተና እስካለፈ ድረስ። ፈተናው ከባድ አይደለም። ጠጠሩ ተሰብሮ ክብደቱን አሥር እጅ በሚሆን ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት እየተናጠ ይቆያል፤ ከዚያም በውሃው ውስጥ የተገኘው እርሳስ ይለካል። የት/ቤት ቅጥር ለማሠራት ከአመድ የተሠራ ብሎኬት የሚቀርብላቸው መምህራን ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት የዚህን ፈተና ውጤት በጽሑፍ ይጠይቁ። የማጠቢያውንና የመፈተኛውን ወጪ ሊሸከም የሚገባውም አመዱን ያወጣው ፋብሪካ እንጂ ብሎኬት ሠሪው አይደለም። ብሎኬት ሠሪው ብዙ ጊዜ ብናኙን በአካፋ የሚገለብጠው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነው፤ ጨርቁም ደቃቁን አይዝለትም።