የማዕድ ሥርዓት በየአገሩ

በታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል በላሊበላ ሲከበር ከላስታ ደጋና ከሩቅ አገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ብዙው ሰው በእግሩ ሲጓዝ ሰንብቶ፥ ጭብጦና ቆሎ በስልቻ ይዞ፥ አቧራ ለብሶ ይደርሳል። የአገሩም ሰው እንግዳውን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል። ከዚያም በኋላ እጁን ያስታጥበዋል፤ መሶቡም ይቀርባል።

ሰዎች በመሶቡ ዙሪያ በተቀመጡ ጊዜ የሚጠበቀው ሥርዓት ብዙ ነው። ታላቁ ሰው ሳይባርክና ሳይጀምር ማንም እጁን አይዘረጋም። እያንዳንዱ በፊቱ ካለው ይቆርሳል እንጂ ወደ ባልንጀራው ፊት አይሻገርም። በቀኝ እጅ ይበላል፤ ጣቱን አይልስም፤ አፉንም ከፍቶ አያኝክም። እንግዳው «በቃኝ» ቢል የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ብላ ታጎርሰዋለች፤ እርሱም እምቢ ሊላት አይገባውም። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱ ሥርዓት ከሌሎቹ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ይኸውም እንግዳ የቀረበለትን ሁሉ ጠርጎ አለመብላቱ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንደ ቆየው ልማድ ሽማግሌዎችና እንግዶች ሲበሉ የቤቱ ልጆች አብረው አይቀመጡም። አንዱ ልጅ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፤ አንዱ ውሃ ያስታጥባል፤ ትንሹም ከምሰሶው ሥር ሆኖ መሶቡን ያያል። ታላላቆቹ በልተው ሲነሡ የተረፈው የልጆቹ ራት ነው። ስለዚህ ጨዋ እንግዳ ወጡ ቢጣፍጠውም፥ ረሀቡም ገና ባይወጣለት፥ ወደ ምሰሶው አንድ ጊዜ ተመልክቶ እጁን ይሰበስባል።

አሁን ደግሞ አንድ የጃፓን ሰው በዚህ ቤት ተጋበዘ እንበል። አሥራ አንዱ ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፉ፥ እነርሱን ለማየት ከሩቅ ምሥራቅም ከምዕራብም ሰው ይመጣል፤ ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው። በጃፓን አገር የቀረበውን ሩዝ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ መብላት ጨዋነት ነው፤ ማስተረፍ የደከመበትን ሰው መናቅ ይመስላል። ስለዚህ ያ እንግዳ የላስታን እመቤት ሊያከብር አስቦ እንጀራውን እስከ ጫፉ ይጨርሳል። የቤቱ ሰዎችም ዝም ብለው ይተያያሉ፤ በልባቸው «እንዴት ያለ ሆዳም ነው!» ይላሉ። ልጁም ከምሰሶው ሥር ራቱ ሲያልቅ ያያል። እንግዳው ግን አክብሬያቸዋለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይወጣል። የቻይና ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር። በቻይና በግብዣ ላይ ጥቂት ማስተረፍ ባለቤቱ አብዝቶ እንዳቀረበ መመስከር ነውና፥ ሳያውቅ የላስታ ሰው በመሰለ ነበር።

የብዙ አገር ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ሥሩ ካልታየ ቅጠሉ ያስቃል። ሰዎች ከአንድ ገበታ በእጃቸው በሚበሉበት አገር፥ በኢትዮጵያም በሕንድም በዓረብም፥ ቀኝ እጅ ለመብል፥ ግራ እጅ ገላን ለማጽዳት ተለይቷል። የአውሮፓ ሰው ግን በየሳሕኑ ስለሚበላ ሹካውን በግራው ይይዛል፤ በዚህም ማንንም አያስቀይምም። እንዲህ ያለ ሰው በመሶብ ላይ ግራ እጁን ቢዘረጋ ልጆች ሊስቁበት አይገባም፤ ታላቅ ሰው በቀስታ ቢነግረው ይበቃል።

ሹካ ከጥንት ጀምሮ የሠለጠነ ሰው ሁሉ መብያ ሆኖ የኖረ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኤራስመስ የተባለ የሆላንድ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1530 ዓ.ም. ስለ ልጆች ጨዋነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። በእርስዋም ልጅ ሳይታጠብ ወደ ማዕድ እንዳይቀርብ፥ ከሁሉ ቀድሞ እጁን ወደ ወጭቱ እንዳይሰድ፥ የጨቀየ ጣቱን እንዳይልስና በልብሱ እንዳይጠርግ ያስተምራል። ይህን ሁሉ የላስታ እናት መጽሐፉን ሳታይ ለልጇ ትነግረዋለች። መምህሩም ይህን መከልከል ያስፈለገው፥ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ልጅ በእጁ ይበላ ስለ ነበረ ነው። ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊም በ1608 ወደ ኢጣልያ ሄዶ የሹካን አያያዝ ተምሮ ተመለሰ። በ1611 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ በአገሩ በሹካ ሲበላ ያየው ወዳጁ ቀለደበት።

በዚያው በኤራስመስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም.፥ የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲሄዱ በላስታ አጠገብ ባለው በአንጎት አለፉ። የአንጎትም ገዥ ግብር አብልቶ አከበራቸው፤ ለባለ አገር ትልቅ ክብር የሆነውን ጥሬ ሥጋም አቀረበላቸው። እነርሱ ግን ሊበሉት አልደፈሩም፤ ያስበሰሉትን የራሳቸውን ምግብ አስመጥተው በሉ። ከእነርሱ ጋራ የነበረው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ኋላም ላሊበላን አይቶ የጻፈው እርሱ ነው፥ ያን ግብዣ በመጽሐፉ ተረከው። መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። የአንጎት ገዥ መጽሐፍ አልጻፈም እንጂ፥ ስለ እንግዶቹ እርሱም የሚለው ባላጣ ነበር።

እንግዲህ ከገጠር ወጥቶ በከተማ ሹካ መያዝ የተማረ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእናቱ መሶብ ቢያፍር ትልቅ ስንፍና ነው። የአውሮፓ አባቶች በእጃቸው በልተዋል፤ እርሱም በሹካ በልቶ ነገ በእጁ ቢበላ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የአገር ልማድ ሁሉ ያለ ነቀፋ ነው ማለት አይደለም። የሚመረመረውም በማዕዱ አጠገብ ካሉት ሁሉ ደካማው ምን ደረሰው ተብሎ ነው። በጥጋብ ዘመን ልጅ ጥቂት መታገሥን ቢማር አይጎዳም። እንጀራው ጥቂት በሆነ ጊዜ ግን ታላላቅን ማስቀደም ሕፃኑን ይጎዳል፤ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ረሀብን አይችልምና። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ጽኑ ረሀብ በሆነ ጊዜ፥ በቆረምና በባቲ መጠለያዎች ለደከሙት ሕፃናት ለብቻቸው ምግብ ይሰጥ ነበር። ይህን የማዕድ ሥርዓት ማፍረስ ነው የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም። ልጅ አስቀድሞ ከበላ ባለጌ ይሆናል የሚሉ ግን ዛሬም አሉ። እነዚህ ሰዎች ኩራዝ ይዞ የቆመውን ልጅ ፊት ቢመለከቱ መልካም ነበር። የራበው ልጅ ዓይኑ ከእንግዳው እጅ አይነሣም፤ ጉርሻውን አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ እንግዳው ቶሎ እንዲነሣም በልቡ ይመኛል። እንግዳን የሚጠላ ልብ ከዚህ ይጀምራል።

አንዳንዲት ብልህ እናት ግን ይህን ታውቃለች። ወጡን ለእንግዳ ከማውጣቷ አስቀድማ የልጆቿን ድርሻ በሳሕን ለይታ ትከድናለች። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ኩራዙን ይይዛሉ፤ ውሃውን ያፈሳሉ፤ ታላላቆቹ ሲነጋገሩም ያዳምጣሉ። ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳ እንደ አገሩ ሥርዓት ገበታውን ጠርጎ ቢበላ ከምሰሶው ሥር የቆመው ልጅ አይደነግጥም። እርስዋም «በሞቴ» ብላ ሌላ እንጀራ ትጨምርለታለች።